ፊሽካ ያነገሠው ባሌ

ጥቅምት 4፣ ቅዳሜ

የዳኝነት ማሊያውን ተኮስኩለት። መስታወት ፊት ቆሞ ቀይ ካርድ ማውጣት ይለማመዳል... ለሕፃናት ጨዋታ! መሥሪያ ቤት አለቃው ሲያንባርቅበት "እሺ ጌታዬ" ነው መልሱ። በር ሲንኳኳ እንኳ "ሂጂ እይው" የሚለው እኔን ነው። ቅዳሜ ግን ይነግሣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን...

ጥቅምት 11፣ ቅዳሜ

የእህቴ ልጅ በረኛ ሆናለች። "አክስቴ፣ ካልመጣሽ አኮርፋለሁ" አለችኝ። ሄድኩ። ባሌ ሲያጫውት አይቼ አላውቅም ነበር። ምነው በቀረብኝ!

አጥቂው ልጅ ሳይነኩት ወደቀ። ባሌ ፔናሊቲ ሰጠ፤ ገባባት።

"ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?" አለች ልጅቷ።

"ጋሼ ቤት ነው! እዚህ ዳኛ ነኝ!" እጇን አየት አድርጎ፣ "ደግሞ ይሄ እጅ ነው ወንፊት?"

ትልልቅ ሰዎች ሳቁ። ሳቅ ሲሰማ ደረቱ ተነፋ። ከዚያ በኋላ የልጅቷ እጅ አልነሳ አለ። ኳሱ ሲገባ ዝም ብላ ታያለች። ሌሎቹም ነገሩ ገባቸው... እየተነሱ መውደቅ ሆነ ጨዋታቸው። ወድቀው የሚያዩት ኳሱን ነው እንዴ? እሱን!

ጥቅምት 12

ምሳ ላይ ጠየቅኩት። "ልጅቷ ምን አደረገችህ?"

"ሥርዓት እያስተማርኩ ነው።"

"አንተንስ ማን ያስተምርህ?"

"ጨው አቀብይኝ" አለ። ወይ ወንድነት!

ጥቅምት 15

እህቴ ደወለች። ልጅቷ ጓንቷን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታለች። ክፍል ውስጥ "ወንፊት" ነው የሚሏት። "ኧረ ባልሽን አንድ በይልኝ" አለች። አፈርኩ። እሱ ማፈር ሲገባው እኔ...

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ

ልጅቷ ጋ ሄድኩ። ሜዳ አልወጣችም።

"እሱ ካለ አልጫወትም።"

"ከጎሉ ኋላ እኔ ብቀመጥስ?"

ቀና ብላ፣ "እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው።"

ማታ ለባሌ ቁርጡን ነገርኩት። "አንዲት ክፉ ቃል ከአፍህ ብትወጣ፣ ለአለቃህ የምታወጣትን ቀጭን ድምፅ ለልጆቹ ወላጆች ሁሉ አሰማለሁ።"

"ቀልድሽን ነው?"

"ሞክረኝ።"

ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ

ከጎሉ ኋላ ተቀመጥኩ። ፊሽካ በነፋ ቁጥር መጀመሪያ ወደኔ ያያል። አጥቂው ልጅ እንደለመደው ተዘረጋ። "ተነስ፣ ተጫወት!" አለው። ልጁ ግራ ገባው። ከዚያ ተነስቶ ሮጠ፤ ለካስ መጫወት ይችላል!

ልጅቷ ጎል ገባባት። ጭቃዋን እያራገፈች ወደ ባሌ ዞረች። "ዳኛ፣ ሲመጡብኝ ምን ላድርግ?" አየኝ... "ቀድመሽ ወደ ኳሱ ውጪ" አላት፣ በደህና አንደበት። በሚቀጥለው ወጣች። ያዘችው! ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እሷና ጓደኞቿ ተሸንፈው እንኳ እየተገፋፉ፣ እየሳቁ ነው የወጡት።

መንገድ ላይ፣ "ዛሬ ጥሩ አጫወትኩ፣ አይደል?" ይለኛል። አመስግኚኝ ማለቱ ነው! ጠባቂ ሲኖረው ብቻ ሰው የሚሆን...

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሠርግ ተጠርቻለሁ። ቀርቻለሁ። እነዚያን ልጆች ለሱ ጥዬ የት እሄዳለሁ?