የአንዷ ቲሸርት ዋጋ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ ከአንድ ጥቅል ጋር ነው የሚደርስህ። አንብበህ ሳትጨርስ ጥቅሉን እንዳትከፍተው። እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ የታሸገ ነገር ስታይ እጅህ አያርፍም። ቢሆንም ለአንዴ እንኳን የታናሽህን ቃል አክብር።

ባለፈው ዓርብ ከባንክ ወጥቼ ወደ ሱቅ ስሄድ፣ መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ ያየኝ ሰው ሳይታዘበኝ አልቀረም። የማተሚያ ማሽኗን ዕዳ የመጨረሻ ክፍያ ከፍዬ መምጣቴ ነበር። በመያዣነት የሰጠሁት የሱቁ ሰነድ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የባንክ ሠራተኛዋ "ጨርሰሻል" ስትለኝ አላመንኳትም።

"እርግጠኛ ነሽ? ደግመሽ እዪው እስቲ።"

"ጨርሰሻል አልኩሽ እኮ። ከፈለግሽ ሌላ እናበድርሻለን።"

ከዚያ የባንኩን ደረጃ እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም።

ላንተ ለመጻፍ የቸኮልኩት በምክንያት ነው። ማሽኗ በበሩ አልገባ ብላ መስኮቱን ከነመቃኑ አስነቅለን ነበር ያስገባናት። አንተ ደግሞ በዚያው ሳምንት ድርሻህን፣ ባለ ስድስት እጁን የአባባን ማተሚያ፣ ሌላ ከተማ የራስህን ሱቅ ልትከፍት ፈታትተህ በጠባቡ በር እየጎተትክ አወጣኸው። የመጨረሻውን ብረት ተሸክመህ ስትወጣ ዞር ብለህ፣ "መስኮቱን አታስገጥሚው። ባንኩ ማሽኗን ሊወስድ ሲመጣ ዳግመኛ ትደክሚያለሽ" አልከኝ። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ።

ፈርተህ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ሱቁ አባባ የተወልን ብቸኛ ነገር ነው፤ እማዬም የምትኖረው ከእሱ በሚገኘው ነው። እኔ ደግሞ እሱን አስይዤ የገዛሁት፣ አንዲት ቲሸርት ለማተም ደቂቃዎች የምትወስድ ማሽን ነበር። አንተ በዚያው ጊዜ ስንት ቲሸርት አትመህ ትከምር እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

አባባ ያስተማረን ሂሳብ ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ቀለም በማተሚያው አንድ እጅ ላይ የሚገጠም ስስ የጨርቅ ወንፊት ይወጠራል፣ ምስሉ በብርሃን ይቀረጽበታል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል። የመጀመሪያዋ ቲሸርት እስክትወጣ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ግን ቀለሙን በወንፊቱ አሳልፎ ቲሸርቱ ላይ መግፋት ብቻ ነው። ያ ግማሽ ቀን በአንዲት ቲሸርት ላይ ከተጫነ ዋጋዋን የሚችል ደንበኛ የለም፤ ለሁለት መቶ ሲካፈል ግን ማንም አይሰማውም። ለዚህ ነው አባባ በገዛ እጁ ቀለም ቀብቶ የሰቀለው የዋጋ ሰሌዳ "ከሃያ በታች አንቀበልም" ብሎ የሚጀምረው፤ ከዚያ ብዛቱ ሲጨምር ዋጋው ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። እኔና አንተ ማንበብ የለመድነው በዚያ ሰሌዳ ነው።

ፊት ለፊታችን ያለው ፀጉር አስተካካይ የራሱ ፊት ያለባት አንዲት ቲሸርት እንድናትምለት ሲለምንህ ምን እንዳልከው ታስታውሳለህ?

"ሃያ ፊት ካለህ ና!"

መንገደኛው ሁሉ ሳቀበት። እስከ ዛሬ ሰፈሩ "ባለ ሃያ ፊቱ" ነው የሚለው።

ማሽኗ እንደገባች መጀመሪያ የጠራሁት እሱን ነበር። ወንፊት የለ፣ ብርሃን የለ። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ፣ ነጭ ቲሸርት ዘረጋሁ፣ ማሽኗ እየተመላለሰች ቀለሙን ጨርቁ ላይ ረጨች፣ በመተኮሻ ተኮስናት፤ አለቀ። መተኮሻው ላይ የምትሠራውን ሴት አታውቃትም፤ አፏ ስለማያርፍ "ዝምታ" ብለናታል። ቲሸርቷንና ባለቤቱን ተራ በተራ አየቻቸውና፣ "ጋሼ፣ ቲሸርቷ ላይ አምሮብዎታል። እሷን ወደ ቤት ይላኩና እርስዎ እዚህ ይቆዩ" አለችው። ሰውየው ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘግቶ በሰፈሩ ሲዞር ዋለ።

እኔ ግን በአንዲት ቲሸርት ዕዳ ይከፈላል ብዬ አላመንኩም። አንተ ያላመንከውን እኔ ከየት አመጣለሁ? አንድ የድርጅት ግዢ ሠራተኛ መጥቶ ሦስት መቶ ጥቁር ቲሸርት ሲያዝዝ በደስታ ልጮህ ነበር። ወደ አባባ ሰሌዳ በጣቱ ጠቆመ።

"ከሁለት መቶ በላይ በግማሽ ዋጋ ይላል።"

"አዎ ይላል" አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ጥቁር ቲሸርት ላይ ማተም እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ቀለሙ እንዲይዝ መጀመሪያ ፈሳሽ ይረጭበታል፣ ይተኮሳል፤ ከዚያ ከሥር ነጭ ቀለም ይነጠፍለታል፤ ሌላው ቀለም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ነጩ ደግሞ ከሁሉም ውዱ ነው። ሦስት መቶውን አስረክበን ገንዘቡን ስንቀበል፣ ለቀለሙና ለጨርቁ ከፍለን የተረፈን ድካማችን ብቻ ነበር። ጉድለቱን ለመሸፈን ሌላ ትልቅ ትእዛዝ ተቀበልኩ። እሱም በግማሽ ዋጋ ሄደ። ሥራው በበዛ ቁጥር እየከሳን መጣን። ባንኩ ሁለት ጊዜ ደወለ። ዝምታም መተኮሻዋን እየዘጋች፣ "እትዬ፣ ደንበኛ ይቀንስልን ብዬ ልጸልይ እንዴ?" አለችኝ።

አንድ ቀን ምንም ሳልሠራ ማሽኗ አጠገብ ተቀምጬ የነጩን ቀለም ጠርሙስ ማየት ያዝኩ። ለመጀመሪያዋ ቲሸርት ጥቂት ወረደ። ለሁለተኛዋም ያንኑ ያህል። ለአርባኛዋም ያንኑ ያህል፣ ጊዜውም ያው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ባለ ስድስት እጁ ድካሙን መጀመሪያ ላይ ይጨርስና በኋላ በነፃ ይሮጣል፤ ለዚህ ነው ለብዛት ቅናሽ የሚችለው። ይቺ ግን መጀመሪያ ምንም አትጠይቅም፣ በኋላም ምንም አትምርም። መቶኛዋ ቲሸርት ቀለምና ጊዜ የምትበላው እንደ መጀመሪያዋ ነው። ታዲያ እኔ ከምን ላይ ነው ቅናሽ የማደርገው? በአዲስ ማሽን ላይ የአሮጌውን ማሽን ዋጋ እየጠራሁ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ዓይነት ስህተት አይሠራም፤ ይህን ለመሳሳት በዚያ ሰሌዳ ሥር ማደግ ያስፈልጋል።

ሰሌዳውን ማውረድ ከዕዳው በላይ ከበደኝ። የአባባ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ታውቃለህ። እማዬን ለማስፈቀድ ሄድኩ። ቀድሞውንም በማሽኗ ደስተኛ አልነበረችም። ነጩ ቀለም በየቀኑ ካልተነቃነቀ የማሽኗ መርጫ አፍ ይደፈናል፣ ስለዚህ በበዓልም በዕረፍትም ሄጄ አይቻት እመጣለሁ። "ላም ነው እንዴ የገዛሽው?" ትለኝ ነበር። ስለ ሰሌዳው ስነግራት ግን፣

"አባትሽ ያንን የጻፈው ለራሱ ማሽን ነው። ማሽኑ ሲሄድ ሰሌዳው ለምን ቀረ?" አለችኝ።

በማግስቱ አዲስ ሰሌዳ ሰቀልኩ። ነጭ ቲሸርት አንድ ዋጋ፣ ጥቁር ከፍ ያለ ዋጋ፤ አንድም ቢሆን መቶም ቢሆን ያው። የመጀመሪያው ደንበኛ ተቆጣ።

"ሃምሳ አዝዤ እንደ አንድ ታስከፍይኛለሽ?"

"አንድ ቢያዝዙም እንደ ሃምሳ ነው የማከብርዎ።"

ጥሎኝ ሄደ። ያ ሳምንት ረጅም ነበር። ከዚያ ባለ ሃያ ፊቱ ሠራልኝ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት ለፊት መስታወቱ ውስጥ እሱ የለበሳትን ያችን ቲሸርት ያያል፤ ፀጉሩን ተላጭቶ ሲጨርስ መንገዱን ይሻገራል። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር አውቶቡሱን ደረቱ ላይ አሳተመ። አንዲት ጥርስ ሐኪም "አያምም" የሚል አሳተመችና በሳምንቷ ተመልሳ "ብዙ አያምም" ብላ አሻሻለችው። የሕፃናት ኳስ አሠልጣኝ አሥራ አንድ ቲሸርት አዘዘ፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሥዕል በጀርባው። ባንተ ቤት አሥራ አንድ ጊዜ ወንፊት መወጠር ነበር! እኔ ቀድሜ አትሜ የማከማቸው የለም፣ ሳይሸጥ የሚቀርብኝ የለም። ሰው ከፍሎ ነው የማትመው። ሌላ ቦታ የማያገኛት ስለሆነች ደግሞ አንዷን ቲሸርት በዋጋዋ ይገዛታል፣ አይከራከርም። ዕዳውን የከፈሉልኝ እነዚያ "ከሃያ በታች" ብለን ስንመልሳቸው የኖርናቸው ሰዎች ናቸው።

አሁን ደግሞ ደስ የማይልህን ልንገርህ። ያ የግዢ ሠራተኛ ተመልሶ መጥቶ ነበር። አምስት መቶ ቲሸርት፣ ባለ አንድ ቀለም። "በምትፈልጉት ዋጋ እኔ አልችልም፤ የሚችል ሰው ግን አውቃለሁ" ብዬ ስልክህን ሰጠሁት። ማን እንደላከው እንዳይነግርህም አስምዬዋለሁ። በዚያ ሰሞን ለእማዬ ደውለህ "ዝናዬ እናንተ ከተማ ድረስ ደርሷል" ስትላት፣ ስልኩን በእጇ ከድና ስትስቅ አጠገቧ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ የመጡልህ ሦስቱም ትልልቅ ሥራዎች በእኔ በር አልፈው ነው የመጡት። ዝናህ ደህና ነው፣ አይዞህ። ታናሽህ እየተሸከመችው ነው።

ሂሳቡን ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። አንድ ቀለም ከሆነ፣ እስከ ሠላሳ ድረስ የእኔዋ ታዋጣለች፤ ከዚያ በላይ ያንተው። ቀለሙ ሲበዛ ድንበሩ ከሠላሳ አልፎ ወደ አንተ ይገፋል። አንዱ የማይችለውን ሌላው ይችላል። እኛ ግን ማን ትክክል ነው ብለን ተጣላን፤ ሁለታችንም ትክክል ነበርን። አንተ እዚያ ለኪራይና ለማጓጓዣ የምትከፍለው ከትርፍህ ላይ እየተቀነሰ እንደሆነ ደግሞ ለእማዬ ነግረሃታል። እማዬ ምስጢር እንደማትጠብቅ እያወቅህ።

የአባባን ሰሌዳ አልጣልኩትም። ከእኔ ሰሌዳ ትይዩ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ከሥሩ ስድስት እጅ የሚዘረጋበት ቦታ ለቅቄያለሁ። መስኮቱን አስገጥሜዋለሁ። ሰኞ ዕለት ግንበኛ አምጥቼ በሩን አስፍቼዋለሁ። ማተሚያህ ብሎኑ ሳይፈታ፣ እጆቹን እንደዘረጋ ይገባል። እኔ ራሴ በሜትር ለክቼዋለሁ።

አሁን ጥቅሉን ክፈት። ነጭ ቲሸርት ናት፣ በልክህ። ፎቶዎቹን እማዬ ናት የመረጠችልኝ፤ ከጥርስ አልባው ሕፃን እስከ አሁኑ ሽበታም ድረስ፣ ሁሉም አንተ ነህ። ቁጠራቸው፣ ሃያ ናቸው። እንደዚህ ያለች በዓለም ላይ አንድ ብቻ ናት፤ ሁለተኛዋን አላተምኩም።

ለብሰሃት ና። ባለ ሃያ ፊቱ ፀጉርህን በነፃ እላጨዋለሁ ብሏል።

በሩ ላይ የምትጠብቅህ
ታናሽ እህትህ