ጸጥተኛው መንገድና ተረኛ ያጣው ቅዱስ

ለውድ እህቴ ለሶላንዥ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣቱን ተውሽው ወይስ አሁንም እንደ ድሮሽ እልህ ይዞሽ ትወጪያለሽ? ባልሽ ሬሚስ፣ ሳሉ ለቀቀው? የካናዳ ብርድ ለሽማግሌ ሳንባ አይሆንምና ደረቱን እንዲሸፍን ንገሪልኝ። ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ዓይኔ ግን ደክሟል። ሐኪሙ መኪና መንዳት ስለ ከለከለኝ የምመላለሰው በኡገት ብስክሌት ነው። ባለቤቴ ኡገት ካረፈች ወዲህ ጎተራው ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ አሁን እኔው ወረስሁት። የሴት ብስክሌት ነው ብለው የሳቁብኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ሞተ።

ስለ ወይኑ የምነግርሽ ደግ ወሬ የለኝም። ዘንድሮ የለቀምነው ፍሬ የመጨረሻው ነው። ገዢ ጠፍቶ ያምናው ራሱ እስከ ዛሬ በርሜል ውስጥ ተኝቷል። ልጄ ክሎቲልድ ከሊዮን መጥታ፣ «አባዬ፣ ይብቃህ። እኔ እንደሆንሁ አልመለስም፤ ለማን ብለህ ነው ወገብህን የምትሰብረው?» አለችኝ። አልፈረድሁባትም፤ እውነቷን ነው። እሺ ብዬ ወይኑ እንዲነቀል አስታወቅሁ፤ በጥር መጨረሻ ነቃዩ ማሽን ይመጣል። አባታችን የተከለው፣ አንቺ በልጅነትሽ ስታኮርፊ ከሥሩ ገብተሽ የምትደበቂበት፣ ሁሉም ይነቀላል ማለት ነው።

በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ግን ታድሷል፤ ብታዪው አታውቂውም። ማዘጋጃ ቤቱ ከድልድዩ ጀምሮ እስከ ኮረብታው ማዶ አረንጓዴ ምልክት ተክሎበት «ጸጥተኛ የብስክሌት መንገድ» ብሎታል። በጋውን ሙሉ እነዚያ ጠባብ ሱሪ የሚያጠልቁት ከየአገሩ ይጎርፋሉ። አንዷ ከደጄ ቆማ፣ «አባባ፣ እንዴት የታደላችሁ ናችሁ! ይሄን ያህል አገር ስዞር እንዲህ ያለ ጸጥታ አላየሁም» አለችኝ። ፈገግ ብዬ ኮዳዋን ውሃ ሞላሁላት። ትራክተሩ ስለ ቆመ ነው ጸጥ ያለው፤ የተማሪ አውቶቡሱ ስለ ቀረ፣ ዳቦ ጋጋሪው ስለ ዘጋ ነው። እነሱ የሚያደንቁት እኛ አንድ በአንድ ስንጎድል የተረፈውን ነው።

አሁን ልቤን ወደሚያስጨንቀው ጉዳይ ልምጣ። የወይን ገበሬ ጠባቂው ቅዱስ ቪንሰንት እኛ ቤት ነው። የማኅበሩን ሥርዓት መቼም አትረሺውም፤ የእንጨት ምስሉ በየዓመቱ በጥር፣ በበዓሉ ቀን፣ ከአንዱ ወይን ገበሬ ቤት ወደ ተረኛው ቤት ይሻገራል፤ ወይን የሌለው ቤት አያሳድረውም። ለእኛ የደረሰን ኡገት በሕይወት ሳለች ነው። ምድጃው አጠገብ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ የሚረከበኝ ጠፍቶ እዚያው አለ፤ ስጸልይም ስበላም ያየኛል፤ ተላምደናል። ወይኔ ከተነቀለ ግን የማሳደር መብት የለኝም። እስከ በዓሉ ተረኛ ካላገኘሁ ማኅበሩ አበቃለት፤ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ነገር በእኔ እጅ ሊቋረጥ ነው።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ ቅዱሱን በኡገት ሻርፕ ጠቅልዬ፣ ከብስክሌቱ ፊት ባለው ቅርጫት አስሬ፣ ወይን የቀረላቸውን ቤቶች ልለምን በዚያው በጸጥተኛው መንገድ ወጣሁ። መጀመሪያ የደረስሁት ጋስፓር ዘንድ ነው፤ የመጀመሪያ ቁርባኑን አብሮኝ የተቀበለው ጋስፓር። ከደጁ ተቀምጦ የመግረዣ መቀሱን ይስላል። ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ «አንተ ሽማግሌ! የብስክሌት ውድድሩ እኮ በሐምሌ ነበር፣ አምልጦሃል!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ሻርፑን ገልጬ የቅዱሱ ፊት ብቅ ሲል ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ምን አደረግህ አንሴልም? አንተው ራስህ ይዘኸው መጣህ?» አለኝ።

እህቴ፣ ያን ጊዜ ነው ክው ያልሁት። ቅዱሱን መጥተው ይወስዱታል እንጂ ወስደው አያደርሱትም። ተረኛው በገዛ እግሩ መጥቶ ከደጅ ቆሞ ይረከበዋል። ያሳደረው ሰው ተሸክሞ ሌላ ደጅ ካደረሰው ያ ደጅ ይዘጋል ይባላል። አባታችን ስንቴ ነግሮናል! በጭንቀቴ ብዛት ረሳሁት እላለሁ፤ ራሴን ስመረምር ግን ማንም እንደማይመጣልኝ ልቤ አውቆት ነው መሰለኝ። ጋስፓር ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ እኔ ራሴ ለከርሞ መኖሬን አላውቅ። ልጄ መሬቱን ለሽያጭ አውጥቶታል። መልሰው በማርያም፤ ማርት እንዳታየው» አለኝ። ማርት ሚስቱ ናት። ለካ አይታዋለች፤ ለጎረቤትም ስልክ ደውላለች። ቀጥዬ የባሏ የሞተባት ዮላንድ ቤት ስደርስ መጋረጃው ተነቃነቀ እንጂ በሩ አልተከፈተም። በመስኮት ስንጥቅ፣ «አንሴልምዬ፣ እንደምወድህ ታውቃለህ፤ ግን በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ከደጄ ሂድልኝ። ያለኝ አንድ ልጅ ነው» አለችኝ። የቅዱስ ምስል ይዤ እንደ መርዶ ነጋሪ ተባረርሁ።

ከዮላንድ ቤት በላይ ያለውን ዳገት ታውቂዋለሽ። እኩሌታው ላይ እግሬ ከዳኝ። ከኋላዬ ብስክሌተኞች ደረሱ፤ አንዱ ጎረምሳ ቅርጫቴን አየት አድርጎ፣ «አባባ፣ ሕፃን ነው ወይስ ውሻ?» አለኝ። «ቅዱስ ነው» አልሁት። ጓደኛው፣ «እንግዲያው ግፋኝ በለው እንጂ!» ሲል ተሳሳቁ። ያ የመጀመሪያው ግን፣ ሳልለምነው፣ መዳፉን ከጀርባዬ ላይ አድርጎ በሌላው እጁ እየነዳ እስከ ጫፍ ድረስ ገፋኝ። ኡገት ካረፈች ወዲህ ጀርባዬን የነካ እጅ አልነበረም። እንባዬን እንዳያይብኝ ፊቴን ወደ ወይኑ አዞርሁ። «መልካም መንገድ!» ብሎኝ ቁልቁል ተፈተለከ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

የመጨረሻው ከኮረብታው ማዶ ያለው የነሻርቬ ቤት ነው። ተሸጧል፤ አንድ የቤልጅግ ሰው የብስክሌተኞች ማደሪያ አድርጎታል፤ ወይኑ ተርፎ እንደሆን ብዬ ነው የገባሁት። የወይን መጭመቂያው በነበረበት ላይ አሁን ብስክሌት ይሰቀላል። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ሾርባ አቀረበልኝ። የመጣሁበትን ስነግረው ዓይኑ በራ። «አቶ አንሴልም፣ ለእኔ ይስጡኝ! እዚህ በሩ ጋ አቆመዋለሁ፤ እንግዶቼ ዳገቱን ከመጀመራቸው በፊት እግሩን ነካ ያደርጉታል። ይወዱታል!» አለኝ። ወይን አለህ ወይ አልሁት። «ለጥላ የተከልኳት አንዲት ሐረግ አለች» አለኝ። እየቀለደ አይደለም፤ በቅን ልቡ ነው። ከዚያ ሁሉ ደጅ እሺ ያለኝ እሱ ብቻ መሆኑ ነው የከበደኝ። ሾርባውን ጨርሼ፣ አመስግኜ፣ ቅዱሱን ጠቅልዬ ተመለስሁ። ትዕቢት ይሆን ያደረግሁት? እያልሁ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ።

ለቄሳችን ለአባ ኤሎዋም ነገርኋቸው። ብቻቸውን ስንቱን ደብር ነው የሚያዳርሱት፤ ደክሟቸዋል። «እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን እናስገባው ልጄ፤ እሱም ቤቱ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ግን ቤተ ክርስቲያናችን የሚከፈተው ሰው ሲቀበር ብቻ ነው። የማሽኑን ሰውዬም ቅዱሱን እንዳሳድርበት ከግድግዳው ሥር አንዲት የወይን ግንድ ተውልኝ ብዬ ለምኜው ነበር። «አባባ፣ እኔ ታዛዥ ነኝ፤ አንድ ከቀረ ሥራው ሥራ አይባልም» አለኝ። እንግዲህ በበዓሉ ቀን እኔው ወስጄ ከመሠዊያው ጎን አስቀምጬው፣ ቆልፌ እመለሳለሁ። ጸሎቴን አላቋረጥሁም ሶላንዥ። ነገር ግን የምደግመው ልማድ ሆኖብኝ ይሁን እምነት ኖሮኝ መለየት አቅቶኛል። አንቺ ጸልዪልኝ።

የልጅ ልጅሽ ኦክታቭ ይህን መንገድ በስልኩ አይቶ በፀደይ በብስክሌት ልሂድበት እንዳለ ጽፈሽልኛል። ይምጣ። መንገዱ በእውነት መልካም ነው፤ አስፋልቱ ለስላሳ ነው፣ መኪና አይገጥመውም። ከድልድዩ ወደ ግራ ይታጠፍ፤ ዳገቱ ላይ አይቸኩል፤ ውሃ ቢጠማው መቃብሩ ግቢ ቧንቧ አለ። የማን ወይን የት እንደ ነበረ ግን አንቺ አሁኑኑ ንገሪው። እሱ ሲደርስ መሬቱ ባዶ ነው፤ እኔም ብሆን ዓይኔ እስከዚያ ካልቆየልኝ በእጄ አመልክቼ ላሳየው አልችልም።

ሬሚን ግንባሩን ሳሚልኝ። ለልጅሽ ለአሜሊ፣ ለባሏም፣ ለኦክታቭ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ትንሿን ዣንን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አያቷ የሚመስላት ወንድም እንዳላት ንገሪያት። አንቺንም እግዚአብሔር በጉልበትሽ ያቁምሽ።

ወንድምሽ አንሴልም

ቫልሶን፣ ቦዦሌ
በቅዱስ ማርቲን በዓል ማግስት፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2024