ፀጉር ቤት ስለገባው ዊልቸር

ለክቡር የእርዳታ ድርጅቱ ቅርንጫፍ ኃላፊ፣ ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ፣ ስለ ቤተሰብዎና መስታወቷ ስለጠቆረው መኪናዎ ደህንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሲመልሱልኝ ግን እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ ለይሉኝታ ብለው ደህና ነኝ እንዳይሉኝ፤ ደህና ነኝ ማለት ምን እንደሚያስከትል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከቢሮዎ ጀርባ ባለው ቅያስ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከመሰላል ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ በእግሩ አልቆመም። ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ ሥር ተኝቶ መንገድ ያያል።

አንደኛ፤ መዝጋቢዎ ቤታችን ድረስ ስለመጣች አመሰግናለሁ። በሩ ላይ ቆማ የቤተሰቡ ጤና እንዴት ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ እንግዳ ደጅ አቁሞ ብሶት መዘርገፍ ነውር ነው ብዬ ተመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን አልኳት። ባለቤቴም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ደህና ነን ልጄ፣ ግቢ እንጂ፣ አረፍ በይ አላት። እሷም ቅጿ ላይ ምልክት አድርጋ ሄደች። በኋላ እንደሰማነው የተመዘገብነው «የጤና ችግር የሌለበት ቤተሰብ» ተብለን ነው። እኛ እኮ ሰላምታ የመለስን መስሎን ነው!

ሁለተኛ፤ ከመንደሩ ሁሉ ፊት ለፊታችን ያለችውን ፀጉር ሠሪ ስለመረጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያን ሰሞን ወንድሟ ኳስ ሲጫወት እግሩ ተሰብሮ ጄሶ ውስጥ ነበር። እሷ እቴ፣ መዝጋቢዋን ገና ከሩቅ ስታያት እንባዋን ለቀቀችው! ዊልቸሩም ለወንድሟ መጣ። በወሩ ጄሶው ተፈታ፣ ልጁም ወደ ኳሱ ተመለሰ። ወንበሩ ግን ሥራ አልፈታም፤ ዛሬ ደንበኞቿ ካስክ ሥር ፀጉራቸውን የሚያደርቁት እሱ ላይ ተቀምጠው ነው። ኧረ ሲመች ይላሉ አሉ። ባለቤቴ በመስኮቱ ያያቸዋል።

ክቡርነትዎን ልዋሽ አልችልም፤ ቀናሁ። አንጀቴ እስኪቃጠል ቀናሁ። በቢሮዎ በር ላይ በለጠፉት ፖስተር ወንበሩን ይዛ ስትስቅ ባየሁ ቁጥር፣ ያ ሳቅ የእኔ ነበር እላለሁ። ባለፈው ቀሚሷን አጥብቢልኝ ብላ ስታመጣልኝ ሆን ብዬ ሁለት ጣት አብልጬ አጠበብኩባት፤ እስካሁንም አልጸጸተኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ ሰብአዊ መብት ሦስት ቀን ሙሉ ስላሠለጠኑን፣ ኮፍያም ስለሰጡን እግዜር ይስጥልኝ። አቤት የማለት መብት እንዳለኝ የተረዳሁት ያኔ ነው። ሳልውል ሳላድር አቤቱታዬን ጽፌ ወደ አስተያየት መስጫ ሣጥንዎ ብሄድ፣ ሣጥኑ እስከ አፉ ሞልቶ ወረቀቴን አልቀበል አለኝ። ዘበኛው ቁልፉ ከጠፋ ዓመት እንዳለፈው ነገረኝ። መብቴን ግን አውቄ ተመለስኩ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ መሀል፣ ባለፈው እሑድ፣ ፀጉር ሠሪዋ ቤቷን ዘግታ ወንበሩን ራሷ እየገፋች መጣች። ሳንለምናት እስከ ማታ ያዙት አለችን። ያቺ የጠበበችው ቀሚስ እላይዋ ላይ ነበረች። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ ነው፤ ደግ የመሆኑን ዕድል እንኳ ከእኔ ቀድማ ወሰደችው! ባለቤቴ ከሦስት ዓመት በኋላ ከበር ወጣ። ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ወደ ካስኩ ተመለሰ፣ እሱም ወደ መስኮቱ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ቅጽ ተገኝቶ ደህና አይደለንም ተብሎ ይታረምልኝ። ይሉኝታዬን ጨርሼዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይናቅ ቅናት ጋር፣
በመዝገብዎ የጤና ችግር የሌለባት ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ይህን እንዳልጽፍ ለምኖኝ ነበር። እሑድ ዕለት የት ልውሰድህ ብለው ወደ እርስዎ ቢሮ አጥር አለኝ። አጥሩ ላይ በትልልቁ የተጻፈው መፈክር «ማንም ሰው ወደ ኋላ» ይልና ይቆማል። ለምን ሳያልቅ እንደቀረ ጠይቀው የማያውቁ ከሆነ፣ ቀቢው የወደቀው የመጨረሻውን ቃል ሊጽፍ መሰላሉን ሲወጣ ነው። ቃሉን ዛሬም አልረሳውም፤ «አይቀርም» ነበር።