ለአረፋ የመጣው ካምቢዮ

እንሴኖ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳቢሪን፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም የኔ ልጅ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ገና ስጀምር እናትሽ አሚኔ ስልኩን ትቀማኛለች። ስለዚህ ጻፍኩ።

ሰው ለአረፋ ለአባቱ ሰንጋ ይገዛል። አንቺና ወንድምሽ ራምዚ ተማክራችሁ ለካሚዮኔ ካምቢዮ! ኤዲያ! ገና ሳየው አንገሸገሸኝ።

የድሮው ካምቢዮ እኮ ሰው ይመርጣል። በግራ እግርሽ ፍሪሲዮን ረግጠሽ ማርሹን ታወጫለሽ፤ ለቀሽ ነዳጅ ትሰጫለሽ፤ ሞተሩን በጆሮሽ አዳምጠሽ፣ ደግመሽ ረግጠሽ ታስገቢያለሽ። ከተሳሳትሽ ጥርሱ ገበያተኛውን እስኪያስበረግግ ይጮኻል። ያንን ካሚዮን ሳያስጮህ የሚነዳ በዚህ አገር እኔ ብቻ ነበርኩ። ዘንድሮ መጮህ ሲያበዛ "ካምቢዮው አርጅቷል" አልኩ። ሐኪሙ ደግሞ ስኳሩ እግርህን አደንዝዞታል፣ መንዳት ይቅርብህ ይለኛል። እሱ ስለ መኪና ምን ያውቃል?

አዲሱን ራምዚ ገጠመው። ውስጡ የናስ ቀለበት አለው፣ ጥርሶቹን ራሱ ያስማማቸዋል አለኝ። አንዴ መርገጥ ብቻ! መንጃ ፈቃዷን ትናንት ያወጣችው ሚስቱ ናጃህ እንኳ ነዳችው፤ ኮሽ አላለም። ቱ! ይሄም መንዳት ተብሎ! ገንፎ ማገንፋት ይከብዳል።

ለአረፋ ዘመዱን ከቡታጅራ የማመጣው እኔ ነኝ፣ ዓመት በዓመት። ዘንድሮም ዘመድ ከኋላ ተሳፍሮ፣ ናጃህ አጠገቤ ተቀምጣ ተነሳን። እንሴኖ ገበያ መሀል ስንደርስ ሁለተኛ ማርሽ ላስገባ ስል፣ አይጮህም የተባለው ካምቢዮ ጮኸ! ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

"ባልሽ ቆሻሻ ነው ያመጣው!" አልኳት።

"አባባ፣ ፍሪሲዮኑን አልረገጡትም።"

"ረግጫለሁ!"

ዝቅ ብላ አየች። እኔም አየሁ። የግራ እግሬ ከፔዳሉ ጎን ወለሉን ጥብቅ አድርጎ ረግጧል። ወላሂ ልጄ፣ ፔዳሉን የረገጥኩ ነበር የመሰለኝ። እግሬን የሰው እግር ይመስል ተጸየፍኩት።

ከእሷ ጋር ቦታ ተቀያየርን። ናጃህ ቀስ አድርጋ ነዳችን፤ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ።

ደርሰን ከወረድን በኋላ አክስትሽ ሽፋ ማን እንደነዳ ሳታይ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "አንተ ሰማን፣ ዘንድሮስ ኮሽ ሳታደርግ ገባህ! አላህ ጉልበትህን ያቆይልህ" ብላ መረቀችኝ።

"አሚን" አልኩ።

ካምቢዮውን አሁንም ጠልቼዋለሁ፤ ለራምዚም ንገሪው። አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ለአገርሽ በሰላም ያብቃሽ።

አባትሽ ሰማን