ጣሪያችንን ስለበሳው ድንጋይ

ለገጠር ግንባታና የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ ቀጥሎም ከራስዎ በላይ ያለውን ጣሪያ ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ከነፍርሃታችን አለን። ፊደሌ ቢንጋደድ ንቀት አድርገው እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ከበላያችን ያለው የድንጋይ ካባ መቼ ደማሚት እንደሚያፈነዳ የሚነግረን ስለሌለ፣ በር ገጭ ሲል እንኳ ብዕሩ ከእጄ ይወድቃል።

ምናልባት ዘንግተውን እንደሆነ፣ ከኮረብታው ሥር ያለውን አሮጌ የድንጋይ ጎተራ ለዕረፍት ለሚመጡ እንግዶች ማደሪያ ያደረግነው ባልና ሚስት ነን። ባለቤቴ አናጢ ነው፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከከተማ ግርግር የሸሸ ሰው ሁለት ሦስት ቀን የሚያርፍበት፣ ሌላ ቦታ ቢፈልግ የማያገኘው ዓይነት ክፍል እንሥራ ብለን ተነሣን። ክብ ግድግዳ ቀጥ ያለ ዕቃ አይወድምና ባለቤቴ አልጋውን ከወፍራም ግንድ ጠርቦ ክብ አደረገው፤ መደርደሪያውንም ክፍሉን እንደ ቀበቶ አዞረበት። እኔ ደግሞ ለክብ ፍራሽ የሚሆን አንሶላ ልሰፋ ስል ስንት ጨርቅ እንዳበላሸሁ እኔና መቀሴ እናውቃለን። አማቴ ብቻ ከደጃፉ ቆመው፣ «ይህ ቤት ድሮ እህል ይውጥ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሰው ሊውጥ ነው» አሉ። ያኔ ሁላችንም ሳቅን።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረቤ ለአሠራርዎ እንዲመችዎ ነው።

፩ኛ. እንግዳው ተጋድሞ ሰማይ የሚያይበት አነስተኛ መስኮት ከጣሪያው ላይ ለማውጣት በንድፋችን ብናመለክት፣ «ከላይ የሚወድቅ ነገር ለእንግዳ ደኅንነት ያሰጋል» ተብለን ተከልክለናል። እንዲህ ያለውን አርቆ አሳቢነት ከእናት እንጂ ከጽሕፈት ቤት አልጠበቅንም ነበር። ይኸው ጽሕፈት ቤት ብዙም ሳይቆይ ካባው ከኮረብታው አናት ላይ ሥራ እንዲጀምር ሲጠየቅ፣ «ማረፊያውን አያውክም» ብሎ መስማማቱን ስንሰማ ደግሞ አሳቢነትዎ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ፣ ድንጋዩንም እኛንም እኩል እንደሚያቅፍ ተረዳን።

፪ኛ. ከፍንዳታ በፊት ጥሩምባ እንኳ ይነፋልን ብለን፣ የመንደሩ ሰው «ነጎድጓድ» የሚላቸውን የካባውን ኃላፊ ለመንናቸው። «እመቤቴ፣ ፍንዳታው ራሱ ይሰማ የለም እንዴ?» አሉኝ። ወደ እርስዎ ብንመጣ ወንበር ሰጥተው፣ ውሃ አስመጥተው፣ «ጉዳዩ ይታያል» አሉን። ቃልዎ መሬት ጠብ አላለም፤ ጉዳዩ ታየ። ያየነው ግን እኛ ነን።

፫ኛ. ጣሪያችን የተበሳ ዕለት፣ ከዋዜማው ያደሩት ጡረተኛ መምህርና ባለቤታቸው ጠዋት ተሰናብተው ሄደው ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ እንግዳ መቀበሉን ሥራዬ ብላ የያዘችው ልጃችን አንሶላ ልትቀይር ገባች። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣለሁ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ከሰማይ እያፏጨ መጣና የጎተራው ጣሪያ እንደ ወረቀት ተቀደደ። ከበሩ አቧራ እንደ ጭስ ይወጣል። ልጄን በስሟ ጠራኋት። ደግሜ ጠራኋት፤ ዝም። የሮጥኩ መስሎኝ ነበር፤ እየዳህኩ መሄዴን ያወቅሁት በኋላ የተላጠውን እጄን ሳይ ነው።

ባለቤቴ መጋዙን እንደያዘ ከሥራ ክፍሉ ወጣና፣ «እንዳትገቢ! ጣሪያው ገና አልጨረሰም» ብሎኝ እሱ ገባ። ከውስጥ ድምፁ መጣ፤ «እግሯን አየሁት» አለ። ክቡር ሆይ፣ እግሯን ብቻ ነው ያለው። ስለ ሌላው አካሏ ቃል እስኪተነፍስ ድረስ እኔ በምን ዓይነት ዓለም ውስጥ እንደቆየሁ ልነግርዎ አልችልም፤ ለጠላቴም አልመኘውም፤ ለእርስዎም ጭምር።

የትራስ ልብስ ከአልጋው ኋላ ሾልኮባት ኖሮ እሱን ልታወጣ ከአልጋው ሥር ገብታ ነበር። የእህል ጆንያ የሚያህል ድንጋይ ፍራሹ መሐል ተቀምጧል፤ ግንዱ ተሰንጥቋል፣ ግን ተሸክሞታል። ልጄ ከወፍጮ ቤት እንደወጣ ሰው ነጭ ሆና ወጣች። መጀመሪያ፣ «እማዬ፣ አንሶላው ተቀደደ?» አለችኝ። ልቅሶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከመጣ በኋላ ደግሞ የሚያቆመው ጠፋ።

፬ኛ. ወዲያውኑ መርማሪ ስለላኩልን እናመሰግናለን። መርማሪው ሄልሜታቸውን አጥልቀው ከደጃፉ አላለፉም፤ ሜትሩን ይዞ ወደ ውስጥ የገባው ባለቤቴ ነው። የደረሰን ውሳኔም «ከተፈቀደው ንድፍ ውጭ በጣሪያ ላይ ቀዳዳ ተከፍቷል» የሚል ነው። ጥፋታችንን አምነናል፤ ድንጋዩ ሲመጣ ፈቃድ መያዙን መጠየቅ ነበረብን። ነጎድጓድም በበኩላቸው፣ «ድንጋያችንን መቼ እንውሰድ?» ብለው ልከውብናል።

፭ኛ. ይህን ሁሉ ችለን ዝም እንል ነበር፤ የትናንቱ ባይመጣ ኖሮ። ማረፊያውን ዘግተነዋል። ልጃችንን ወደ አክስቷ ሰድደናታል፤ እዚያም ከጠረጴዛ ሥር ካልሆነ እንቅልፍ እንደማይወስዳት አክስቷ ደውላ ነግራኛለች። መዝጋታችንን ለጽሕፈት ቤትዎ አስታውቀን ሳለ፣ እርስዎ ግን ጎተራችንን በልዩ ማረፊያዎች ዝርዝርዎ ላይ አስፍረው እንግዳ መላክዎን አላቋረጡም። ትናንት ቀትር ላይ አንድ ወጣት አባወራ ከሚስቱና ገና ድክ ድክ ከምትል ልጁ ጋር መጥቶ፣ «ጽሕፈት ቤቱ ነው የላከን፣ ክፍት ነው ብለውናል» አለ። «ወንድሜ፣ በእግዜር፣ መኪናህን አዙር» እያልኩት ሳለ ሕፃኗ በእግሮቻችን መሐል ሾልካ ወደ ጎተራው በር ሮጠች።

ያኔ ካባው ፈነዳ።

እንዴት እንደደረስኩባት አላውቅም። ቀሚሷን ጨምድጄ ያዝኩና ከግንቡ ጥግ ጥዬ ከላይዋ ተኛሁባት። ጠጠሩ የጣሪያውን ቆርቆሮ እንደ በረዶ ወቀጠው፤ አንዱ ጀርባዬን መታኝ። እናትየዋ ትጮኻለች፤ እኔ ከሥሬ ያለው ትንሽ ደረት ይተነፍስ አይተነፍስ ብቻ ነው የማዳምጠው። ሲበርድ ቀና አደረግኋት። ሳቀችና፣ «እንደገና!» አለችኝ። ጨዋታ መስሏታል። እናቷ ከእጄ ነጥቃኝ መኪናው ውስጥ ገባች፤ የመኪናውን በር እንኳ በቅጡ ሳይዘጉ ሄዱ።

«በእጄ የሠራሁትን ቤት ለድንጋይ ትቼ አልሄድም» ሲል የከረመው ባለቤቴ ትናንት ማታ መሣሪያዎቹን በጆንያ መክተት ጀመረ። አማቴም ዕቃቸውን ሸክፈው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ «ብያችሁ ነበር» አላሉም፤ ይህ ደግሞ ከፍንዳታው ይልቅ አስፈራኝ። ነገ ወደ ልጃችን እንሄዳለን። ከእርስዎ የምንለምነው ጥቂት ነው፤ ጎተራውን ከዝርዝርዎ ይፋቁልን፣ ከእኛ በታች ላሉትም ጎረቤቶች ካባውን ያስቁሙላቸው። ሳያውቅ የሚመጣ እንግዳ ከመንገድ እንዲመለስ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በበራችን ላይ ለጥፈን እንሄዳለን።

ስላደረጉልን ሁሉ ውለታዎን ለመመለስ አቅሙም ልቡም የሌለን፣ ትሕትናችን ከድንጋጤ የማይለይ፣ በሕይወት በመገኘታችን ለሥራዎ እንቅፋት የሆንን፣

ከኮረብታው ሥር ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ከነቤተሰቧ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ጸሐፊዎ ደወሉልኝ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የሚመጡ እንግዶች ስላሉ ጎተራውን እንድናሰናዳ ጠየቁኝ። ክቡር ኃላፊው ራሳቸው አብረው ያድሩ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ኧረ እሳቸውስ አያድሩም፤ እዚያ ማደር አደገኛ ነው ብለዋል» አሉኝ። እባክዎ፣ እውነቱን ስለነገሩኝ እንዳይቆጧቸው።