«የግፊት ነው» ያልከው ኪኒን

ሰይዴ፣ አሰላሙ ዐለይኩም፤ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸኝ ወዲህ ሦስተኛው ረመዳን ሊገባ ሳምንት ቀረው። ሚስትህ ዛሬም ፈሪ ናት። ያኔ ግን ፍርሃቴን ለሁለት እንሸከመው ነበር።

ቤቱ ደህና ነው። ታንኳህን ወንድምህ ወስዶ ዓሣ ያሠግርባታል፤ መረብህን ግን አልሰጠሁትም።

ለውጥ መጣ ተብሎ አገር ሲጨፍር፣ እኔ ልጃችንን ቀብሬ ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ነበር። ደሴ ወስደህ አሳከምከኝ። የድባቴ መድኃኒት ሲታዘዝልኝ፣ ሰው «አበደች» እንዳይለኝ ፈርተህ ለጎረቤቱ ሁሉ «የግፊት ነው» አልክ። መዋሸት የማትችለው ሰውዬ፣ ላብ አጠመቀህ! ጠዋት ጠዋት መረብህን ተሸክመህ በሩ ላይ ትቆማለህ፤ ኪኒኔን ሳልውጥ ወደ ሐይቁ አትወርድም ነበር።

በሞትክ በመንፈቁ ጦርነቱ እኛው ደጅ ደረሰ። መንገድ ተዘጋ፤ መድኃኒት ቤቱም ባዶ ሆነ። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ አጥር ተደግፈው መጡ። የግፊት ኪኒናቸው አልቋል። «ሕመማችን አንድ አይደል፣ ካለሽ ላይ ቆንጠር አርጊልኝ» አሉኝ። ወላሂ፣ ምስጢራችን ከሚወጣ ብዬ ልሰጣቸው እጄን ዘርግቼ ነበር። ቢሞቱብኝስ? «የኔ የድባቴ ነው» ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። እሳቸውም፣ «እኔም ልጄን የቀበርኩ ጊዜ እንዲያ ሆኜ ነበር፤ ስሙን የሚነግረኝ ነው ያጣሁት» አሉ።

ብዙም ሳይቆይ የኔም አለቀ። ድንገት ሲቋረጥ ራሴን አዞረኝ፤ እንቅልፍ አጣሁ፤ ያለምክንያት አለቅስ ጀመር። እሳቸው ግፊታቸውን ተሸክመው እኔን ሲያስታምሙ ከረሙ። መንገዱ ሲከፈት ደሴ አብረን ሄደን፣ ሁለታችንም መድኃኒታችንን ይዘን ተመለስን።

አሁን ሐኪሙ፣ «ብዙ ዓመት ወስደሻል፤ ከፈለግሽ ቀስ በቀስ እንቀንሰው» አለኝ። ሰይዴ፣ ፈራሁ። ብተወው ያ ጨለማ ይመለስብኛል እላለሁ፤ ብቀጥልም ዕድሜ ልኬን ስውጥ ልኖር ነው እላለሁ። ለነገሩ ያዳነኝ ኪኒኑ ይሁን የአንተ በር ላይ መቆም፣ እስከ ዛሬ አለየሁትም።

ከዒድ በኋላ መቀነስ ልንጀምር ከሐኪሙ ጋር ተስማምተናል። እትዬ ዘሀራ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ኪኒኔን እስክውጥ በሩ ላይ ይቆማሉ። አንተም እዚያው ትቆም እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም።

አልረሳህም። ኪኒኑን ብተወው እንኳ፣ በዚያችው ሰዓት ውኃዬን ቀድቼ ወደ በሩ ዞሬ እጠጣለሁ።