እጅጌ የጎደለው ሸሚዝ

ለአባቴ ባለቤት፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? የእህትዎ ወገብስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን። ይሄን የጻፍኩት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ደህናስ አይደለንም። አባባ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ለቆታል። እህቴ ጥንዚዛ ጤነኛ ናት፣ የላይኛው የፊት ጥርሷ ግን ወልቋል። እኔም ያው አለሁ፤ ጸባዬም አብሮኝ አለ።

አንቱ እያልኩ የምጽፈው አክብሬዎት እንዳይመስልዎት። ስናደድ የሚቀናኝ አንቱ ነው፣ ያውቁታል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንቱ ስልዎት አንድ ቀን፣ ቢሮሽ ጉዳይ ላስፈጽም የመጣሁ አስመሰልሽኝ እኮ ብለውኝ ነበር። ያኔ ስቄያለሁ፣ ፊቴን አዙሬ ስለነበር አላዩኝም። ስልክ ያልደወልኩት ደሞ በስልክ ሳወራ ገና ሰላምታው ሳያልቅ መጮኽ ስለምጀምር ነው። ወረቀት ላይ ቢጮኽ ቢያንስ ጎረቤት አይሰማም።

ነገሩ የጥንዚዛ ፎቶ ነው። ያቺ ተዋናይ የምትመርጠው ባለ መነጽሯ ሴትዮ ጥንዚዛ የሳሙናውን ማስታወቂያ ከሠራች በኋላ አልረሳቻትም። ለልጆች ድራማ አጭታታለች። መጀመሪያ ግን ዳይሬክተሩ የሚያየው የፊት ፎቶ ያስፈልጋል ብላ የልብስ ሕግ ጽፋ ላከችልን። ጽሑፍ ያለበት አይሆንም። መስመር ያለበት አይሆንም፣ ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል። የሚያብለጨልጭ አይሆንም። ነጭ ከሆነ ፊት ያጠቁራል፣ ጥቁር ከሆነ ፊት ይውጣል። መጨረሻ ላይ ደሞ ሁለቴ አስምራበት፣ ልጅቷ ራሷን ትምሰል ይላል።

ይሄን ወረቀት ይዤ ቁም ሳጥኑን አልጋ ላይ ገለበጥኩት። አንዱ ላይ ድመት አለች፣ የድመቷ ዓይን ያብለጨልጫል። ሁለቱ ባለ መስመር ናቸው። አንዱ ላይ በማላውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር ተጽፎበታል፣ ስድብ ይሁን ምርቃት እንጃ። ሐምራዊው የኔ የነበረው ነው፤ አንገቱ ሰፍቶ ትከሻዋ ላይ ይወርዳል፣ ስትለብሰው ራሷን ሳይሆን እኔን ነው የምትመስለው። አባባን ምረጥ ብለው ሁሉም ያምራል አለ። የለም አንዱን ምረጥ ስለው የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን አነሳ። ጠዋት ጠዋት ራሷን አይደል እንዴ የምትመስለው አለኝ። ሾፌር ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ለሱ ሁሉም መንገድ ያደርሳል።

ጥንዚዛ ደሞ በዚህ መሀል ቆማ፣ ራሴን የምመስለው እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ዝም ብለሽ ልበሺ አልኳት።

ተናድጄ ያንን ለሰርግ የተገዛላትን፣ እንደ ኬክ የተነፋውን ሮዝ ቀሚስ አለበስኳት። ፎቶ አንሺው ጋ ሄድን። ሰውዬው ሃያ ጊዜ ያህል አነሳትና ካሜራውን አገላብጦ አይቶ፣ ቀሚሱን ነው ያነሳሁት፣ ልጅቷ የት ነበረች አለኝ። ፊትህ ተገትራ፣ ዓይንህን ተመርመር አልኩት። እሱም የዋዛ አይደለም፣ አንቺን ባነሳ ሌንሴ ይሰነጠቅ ነበር አለኝ። ተሰዳድበን ሲደክመን ነው በደንብ ያስረዳኝ። ጥሩ የፎቶ ልብስ ማለት ሰው ካየው በኋላ የማያስታውሰው ነው አለ፤ ልጅቷን ብቻ ነው ማስታወስ ያለበት። ለጥርሷም አፍሽን ግጠሚ ብያት ነበር፣ እሱ ግን ይታይ እንጂ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ናት እኮ አለ። ይታይ ብንልም አልሳቀችም። ያቺ ድስት ቢወድቅ የምትስቅ ልጅ፣ እንደ ጥርስ ሐኪም ወረፋ ጠባቂ ቁጭ አለች። ቤት ስንመለስ እማ በጀመረችልኝ ሸሚዝ ነው የምነሳው አለችኝ። ራሴን የምመስለው በሱ ነው አለች። ለጥያቄዋ ራሷ መለሰች ማለት ነው።

ባለ መነጽሯ ሴትዮ ደወለች። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት አንድ ዕድል አላችሁ፣ ካልሆነ ቦታውን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ አለች።

የትኛው ሸሚዝ ነው እንዳይሉኝ። ያ የጡብ ቀለም ያለው ነው። የስፌት መኪናው ላይ ጥለውት እንደሄዱ፣ አንድ እጅጌው ተሰፍቶ፣ ሌላው ጠረጴዛው ላይ ስፒል ተሰክቶበት ሁለት ወር ተቀምጧል። ማንም አልነካውም። አባባ እንኳን ጠረጴዛውን ላለመንካት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነው የሚበላው። ሳስበው ግርም ይለኛል፤ ጽሑፍ የለበት፣ መስመር የለበት፣ አያብለጨልጭ፣ አይነጣ አይጠቁር። ሕጉ ሳይጻፍ ነው ሕጉን የጠበቁት።

አንድ እጅጌ ምን ያቅታል ብዬ ራሴ ሰፋሁት። ጥንዚዛ ለበሰችውና ክንዷን አነሳች። እጄ ወደ ኋላ መሄድ ይፈልጋል አለችኝ። እውነቷን ነው። የፊቱን ወደ ኋላ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ፤ የአባባን አውቶቡስ ወደ ኋላ ና ና የሚለውን ረዳት መሰለች። እጅጌ ፊትና ኋላ እንዳለው ማን ነገረኝ? ስፌቱን በምላጭ ልፈታው ብዬ ከብብቱ ጀምሬ እስከ ወገቡ ቀደድኩት። ይኸው፣ ልነግርዎት የፈራሁት ይሄ ነው። ቀደድኩት። ጥንዚዛ አላለቀሰችም፤ አልጋዋ ስር ገባችና ግማሽ ቀን እዚያው ዋለች። እኔ ደሞ ማልቀስ ስለማልወድ መኪናውን እረግማለሁ፣ ክሩን እረግማለሁ። አንቺስ ብትሆኚ ምን አስቸኮለሽ? አንዲት እጅጌ ናት የቀረችው! ጨርሰሽ ብትኮርፊ ምን ነበረበት? ሰው ስፒል ሰክቶ ከቤት ይወጣል?

አንቺ አልኩ መሰለኝ። ስርዝ ድልዝ አልወድም፣ ይቀመጥ።

እሺ፣ አውቃለሁ። ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ነበር። አስተማሪው የወረወረብኝን ዳስተር መልሼ ወርውሬለት፣ ይቅርታ ጠይቂ ሲሉኝ መጀመሪያ የወረወረው ይጠይቅ ብዬ ደብተሬን ይዤ የወጣሁ ሰሞን። ሁሉም ሰው ሲጮኽብኝ አንቺ ብቻ አልጮኽሽም። ሜትሩን አንገትሽ ላይ አድርገሽ፣ ትምህርት ብትተዪም ራቁትሽን አትሄጂም፣ ነይ ቁሚ ልለካሽ አልሽኝ። በሳቅ ነው ያልሽው። እኔ ግን የሚጮኽብኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ፣ ልክ ልክሽን ነገርኩሽ። አልወለዱን፣ የኛን ልክ አያውቁም አልኩሽ። ጥንዚዛን እንደ አሻንጉሊት የሚያለብሱት እናት ለመምሰል ነው አልኩሽ። ሌላም ብያለሁ፣ አልደግመውም። አንቺ ሜትሩን ጠቅልለሽ ኪስሽ ከተትሽው። ማታ አባባ ሲመጣ እህቴ ታማለች፣ ላስታምማት ነው አልሽው። እሱም አመነ። አሁንም አምኖ ነው ያለው።

እኔ እማዬን አስታውሳታለሁ። ጥንዚዛ ግን አታስታውሳትም፤ እማ ብላ የጠራችው አንቺን ብቻ ነው። በኔ ምክንያት ብትሄጂ ይገባኛል። ለሷ ግን ምን ልበላት? የእህቷ ወገብ ሁለት ወር ሙሉ እንዴት አይድንም እያለች ትጠይቀኛለች። ከባድ ወገብ ነው እላታለሁ።

አሁን ደሞ ሌላውን ስሚ። ቀዳዳውን የምለጥፍበት ቁራጭ ስፈልግ የመኪናውን መሳቢያ ከፈትኩ። ያው የጡብ ቀለም ጨርቅ ተቆርጦ፣ ታጥፎ ተቀምጧል። ቁራጭ ነው ብዬ ስዘረጋው ትልቅ ሆነብኝ። ጀርባ፣ ሁለት ፊት፣ ሁለት እጅጌ። ጥጉ ላይ በጠመኔ «ትልቋ» ይላል። አብሮት ወረቀት አለ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ክንድ፣ ሁሉም በቁጥር። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን እኔ ልክ ልክሽን ከመንገሬ ሳምንት በፊት ነው።

እኔ ሜትር አስነክቼሽ አላውቅም። ቁጭ ብዬ በምን ለካችኝ እያልኩ ሳስብ ትዝ አለኝ። ልብስ ስታሰጪ የኔን ሸሚዝ ገመዱ ላይ ዘርግተሽ በስንዝርሽ ስትሄጂበት አይቼሻለሁ። እድፍ የምትፈልጊ መስሎኝ፣ አጥቤዋለሁ፣ ንጹህ ነው ብዬ ጮኼብሻለሁ። አዎ ንጹህ ነው አልሽኝና ስንዝርሽን ቀጠልሽ።

በስፒል አያይዤ ለበስኩት። ሁለት ቦታ ወጋኝ። ትከሻው ልክ ነው። አንገቱ ልክ ነው። ጥንዚዛ ከአልጋ ስር ወጥታ አየችኝና፣ አንቺም ራስሽን መሰልሽ አለችኝ። ቀጥላም፣ ከዚህ ጨርቅ ቁረጪልኝ አለች። መቀሱን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። እኔ የያዝኩት ምላጭ ያደረገውን አይቻለሁ። አንቺ ከኔ ቆርጠሽ ለሷ ብታደርጊላት ግን አይከፋኝም። እንዲያውም ይሻላል። ጨርቅ አለን፣ መርፌ አለን፣ ክርም አለን። እጅ ነው ያጣነው።

ይሄን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አባባ ነው። እጅጌ እንዴት እንደሚገጠም ጠይቄያት ነው ብዬዋለሁ፣ በዚያው ይመን። አርብ ከሰዓት በዚያው መንገድ ይመለሳል። ከሾፌሩ ኋላ ያለችውን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥባት አስጠንቅቄዋለሁ። ምን ሊጫንባት ነው ሲለኝ፣ ዕቃ ሊኖር ይችላል አልኩት።

እህትሽን ሰላም በይልኝ፣ ወገባቸውን ይማርልኝ። አንቺም ጤና ሁኚ። ክርሽ አይበጠስ፣ መርፌሽ አይሰበር፣ ዓይንሽ ቀዳዳውን አይሳት።

ልጅሽ፣
ትልቋ

ሜትሩን ቤት ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፣ ኪስሽ ውስጥ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ያለው የክንድ ልክ በአንድ ጣት ያጥራል። አንቺ ተሳስተሽ አይደለም፣ እኔ አድጌ ነው። አሁን ቁሚ ብትዪኝ ቆሜ እለካለሁ።